ገንዘቡ የሚከፋፈለው እዚሁ ሰፈራችን ነው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ወጣቶችም፤ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ ስለ ገንዘብ ነው የምናወራው። የወጣቶች ፍርድ ቤት ለቀረቡ፣ ወይም ሊቀርቡ ጫፍ ለደረሱ ልጆች እዚህ አሜሪካ መንግሥት ስለሚመድበው በጀት። «እኛን ምን አገባን? የእኛ ልጆች ጨዋ ናቸው» የሚል ሰው እዚህ አዳራሽ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጨዋ ናቸው። ግን ጨዋ ልጅም በ15 ዓመቱ ከጓደኛው ጋር ሱቅ ገብቶ ያልከፈለበትን ጫማ ቦርሳው ውስጥ ሊከት ይችላል። ያን ጊዜ እኛ በራችንን እንዘጋለን። ለቄሱም፣ ለሼኩም፣ ለእድሩም አንናገርም። ገመና ነዋ! ዝም ስለምንል ደግሞ ይህን በጀት የሚያቅዱት ሰዎች መኖራችንንም ልብ አይሉም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ ፌዴራል ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1974 የወጣና በ2018 የታደሰ ሕግ አለ። ለስቴቶች ገንዘብ ይሰጣል፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። ከትምህርት ቤት በመቅረቱ ወይም ከቤት በመጥፋቱ ብቻ ልጅ እንዳይታሰር። በአዋቂዎች እስር ቤት እንዳይቆይ። ለአጭር ጊዜ ቢቆይ እንኳ አዋቂ እስረኞችን እንዳያይ፣ ድምፃቸውንም እንዳይሰማ። አራተኛው፣ ስቴቱ በዘር ምክንያት የሚታየውን መበላለጥ አጥንቶ እንዲቀንስ። አንዱን ያላሟላ ስቴት ከድርሻው 20 በመቶ ይቀነስበታል። ከገንዘቡ ሁለት ሦስተኛው ደግሞ፣ በመርህ ደረጃ፣ ወደ አካባቢ ፕሮግራሞች መውረድ አለበት።

ሌላው የምንኖርባት ስቴት፣ የቨርጂኒያ የራሷ ነው። ለእኛ የሚቀርበው እሱ ነው ባይ ነኝ። በ1995 በወጣ ሕግ የስቴቱ 133 ከተሞችና ካውንቲዎች (እንደ ወረዳ ያሉ አስተዳደሮች) በሙሉ ይካፈሉታል። የሚከፋፈለው በቀመር ነው። አሌክሳንድሪያም፣ አርሊንግተንም፣ ፌርፋክስም ድርሻ አላቸው። ድርሻቸውን ለማግኘት እቅድ ያቀርባሉ፤ እቅዱ ሲወጣ ዳኞችና የፍርድ ቤቱ የወጣቶች አገልግሎት ኃላፊ ይማከሩበታል። ገንዘቡ ልጅ ለማሰር አይውልም። ልጁ ከእስር ውጭ ሆኖ ለሚያገኘው ክትትልና ድጋፍ ነው። ከ2019 ወዲህ ደግሞ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላልረገጡ ልጆች፣ ለመከላከል ሥራም እንዲውል ተፈቅዷል።

እዚህ ላይ ነው እኛ የምንገባው። ማኅበሮቻችን ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ የድጋፍ ገንዘብ፣ ሲባል ቶሎ የሚታያቸው ትልቁ የፌዴራል ገንዘብ ነው። ለእሱ መመዝገቡ ብቻ ሳምንታት ይበላል። ብዙ ጊዜም መጀመሪያ ከኪሳችሁ ታወጣላችሁ፣ ደረሰኝ ታቀርባላችሁ፣ ከዚያ ይመለስላችኋል። የሁለት ወር ደሞዝ በባንክ የሌለው ማኅበር ይህን አይችለውም። ደግሞም አስተማማኝ አይደለም። በኤፕሪል 2025 የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ከ350 በላይ ግራንቶችን በመሃል ሰረዘ። ፈርመው፣ ሠራተኛ ቀጥረው የነበሩ ድርጅቶች ሜዳ ላይ ቀሩ። ስለዚህ እኔ የምመክረው ከከተማው ወይም ከካውንቲው እቅድ ውስጥ አንዲት የበጀት መስመር እንድንጠይቅ ነው።

ምን እንጠይቅ? የእኛን ቤት ኑሮ ታውቁታላችሁ። አባት ማታ ኡበር ይነዳል፣ እናት የኤርፖርት ሺፍት አለባት። ልጁ ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት ካውንስሊንግ ተብሏል። ማን ያድርሰው? አንድ ቀን ይቀራል፣ ሁለት ቀን ይቀራል፣ ከዚያ ልጁን ለፍርድ ቤቱ የሚከታተለው ፕሮቤሽን ኦፊሰር «ትእዛዝ አላከበረም» ብሎ ይጽፋል። ልጁ አዲስ ጥፋት አላጠፋም፤ መኪና አጣ እንጂ። የፍርድ ቤቱ ደብዳቤም በእንግሊዝኛ ይመጣል። ብዙ ቤት የሚያነበው ራሱ የተከሰሰው ልጅ ነው! ምን ብሎ ለእናቱ እንደሚተረጉምላት እናንተው ገምቱ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ልጆቹን የሚያደርስ ሹፌርና መኪና፣ በአማርኛና በትግርኛ ለወላጅ የሚደውል ሰው። በቃ። ውጤቱ በቀላሉ ይቆጠራል። ስንት ቀጠሮ ተሰጠ? ስንቱ ተገኙ? ግራንት ሰጪ የሚወደው ሪፖርት እንዲህ ያለውን ነው። የባህል ምሽት እንጨምርበት የሚል አይጠፋም። እስክስታ እኔም እወዳለሁ፤ ግን ከዚህ ገንዘብ ላይ አይሆንም።

ለወጣቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። በየስቴቱ የፌዴራሉን ገንዘብ አጠቃቀም የሚያማክር ኮሚቴ አለ። ሕጉ ከአባላቱ ቢያንስ አንድ አምስተኛው ሲሾሙ ከ28 ዓመት በታች ይሁኑ ይላል። ቢያንስ ሦስቱ ደግሞ በወጣቶች ፍትሕ ሥርዓት ውስጥ ያለፉ ወይም አሁንም ያሉ መሆን አለባቸው። እናም «ፋይል አለብኝ» ብሎ አንገቱን የደፋ ልጅ እዚያ ወንበር ላይ በሕግ ይፈለጋል። ይህን ለምታውቁት ልጅ ንገሩት።

ወደ ሥራው ልግባ። በመጪዎቹ ሳምንታት የየአካባቢያችንን የአሁን እቅድ ከፍርድ ቤቱ የወጣቶች አገልግሎት ቢሮ ጠይቀን እናነባለን። ቀጣዩ እቅድ መቼ እንደሚዘጋጅም እንጠይቃለን። ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ። ከአሌክሳንድሪያ፣ ከአርሊንግተንና ከፌርፋክስ አንድ አንድ ሰው አብሮኝ ቢሮ የሚሄድ እፈልጋለሁ። ሂሳብ የሚያውቅ ሰውም ያስፈልገናል፤ የማኅበራችን መዝገብ ሳይስተካከል ማንም ገንዘብ አይሰጠንም። ስማችሁንና ስልካችሁን ከመውጣታችሁ በፊት ስጡኝ። አሁን ጥያቄ ካላችሁ ማይኩ ይኸው።