አቦ፣ አሸዋው ለምን ይሰምጣል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የባጃጅ ሾፌር፣ ከገንደ ቆሬ፦ አቦ፣ እዚህ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ላይ ደረቁ አሸዋ ጎማዬን ይውጠዋል። ካፊያ ካረፈበት በኋላ ግን አስፋልት ነው። ውሃ ያጠነክራል እንዴ?

ትንሽ ውሃ፣ አዎ። ደረቁን ብትጨብጠው በጣቶችህ መሃል ይሾልካል፤ ትንሽ የረጠበው ግን እንደ ጭብጦ ይያዛል። በቅንጣቶቹ መገናኛ ላይ የቀረችው ስስ ውሃ እርስ በርስ ስለምታሳስባቸው ጎማህ ሲጫናቸውም ሲነዝራቸውም ቶሎ አይንሸራተቱም። ውሃ ሞልቶት ሲጠግብ ግን ያ መሳሳብ ይጠፋል። ያኔ አትግባ። ጎርፉንማ የ1998ቱን ክረምት ያየ ድሬ ይንገርህ።

ግንበኛ፣ ከሳቢያን፦ ለወለል የሞላሁት እርጥብ አሸዋ በኮምፓክተር ብመታው ብመታው አልጠቀጠቅ አለኝ። አርጥበህ ምታ ይሉ የለ?

እሱ ጭቃነት ላለው አፈር ነው። አሸዋ ሲነዘር የሚጠጋጋው ወይ ጨርሶ ሲደርቅ ወይ ውሃ ሲጠግብ ነው። የአንተ መሃል ላይ ቀርቷል፤ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ክፍተቱን እንደያዙ ቆመዋል። በስሱ አንጥፍ፣ ውሃ አጥግበው፣ ከዚያ ምታ፤ ውሃው መውጫ ይኑረው እንጂ። ከስር ጥቁር አፈር ካለ ግን ውሃውን ተወው፣ እሱ ያብጥና ወለልህን ይሰነጥቀዋል።

በነገራችን ላይ ይሄው ጉዳይ ኪስህንም ይነካል። 5 በመቶ ገደማ እርጥበት ያለው አሸዋ ከደረቁ እስከ ሩብ ያህል አብጦ ሊታይ ይችላል፤ በሜትር ኪዩብ ስትገዛ አየር ጭነህ ትሄዳለህ ማለት ነው። በጣሳ ሙላው፣ ሌላ ዕቃ ውስጥ ገልብጠው፣ ጣሳውን እስከ ግማሽ ውሃ ሞልተህ አሸዋውን እያማሰልክ መልስበት። ስንት እንደጎደለ ታያለህ።

እናት፣ ከመጋላ፦ አንተ ልጅ፣ መሬት ቢንቀጠቀጥ ቤቴ አሸዋው ውስጥ ይሰምጣል አሉኝ።

እማማ፣ ለዚያ ሦስት ነገር መገጣጠም አለበት፦ ያልተጠቀጠቀ አሸዋ፣ ውሃ የሞላው፣ ከዚያ ጠንካራ ንዝረት። ቅንጣቶቹ ሊጠጋጉ ሲሉ ውሃው መውጫ ያጣል፣ ጭነቱን እሱ ይሸከማል፣ አሸዋውም እንደ ፈሳሽ ይሆናል። በ1964 እ.ኤ.አ. ጃፓን ኒጋታ ውስጥ ፎቆች ሳይፈርሱ ጎናቸው ላይ የተጋደሙት በዚህ ነው። ላይ ላዩን ደረቅ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ሰፈርዎ ውስጥ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ካለ ውሃው በስንት ሜትር እንደወጣ ይጠይቁልኝ፤ 20 ሜትር ወይም ከዚያ የጠለቀ ከሆነ በዚህስ እንቅልፍዎን አይጡ።