እናቴ ስሟን አልጠራችውም

እንደምን ሰነበታችሁ። ድምፄ ዝቅ ያለው ታምሜ አይደለም፤ በሚቀጥለው ክፍል ልጅ ተኝታለች፣ እናቴም አጠገቧ ጋደም ብላለች። ስለ ጎረቤታችን አውራ ዶሮ ለምትጠይቁኝ፣ ደኅና ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይነግራችኋል።

ባለፈው ልጄን በሞተችው እኅቴ ስም ጽጌ እንዳልኳት ከነገርኳችሁ ወዲህ «ጽጌ እንዴት ናት?» የሚል መልእክት ከብዙዎቻችሁ ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ይህን ጥያቄ ለዓመታት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ማን ይጠይቃል? ድሮ ደሴ ሳለን ከትምህርት ቤት ስመለስ የሰፈር ሰው ያቆመኝና «እናትሽ ደኅና ናት? ጽጌስ?» ይለኝ ነበር። አሁን ስልኬ ላይ ሳየው ልቤ መጀመሪያ ወደ እኅቴ ይሮጣል፤ ወደ ልጄ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። በመካከሉ ያለችው ቅጽበት አጭር ናት። እሷን ግን ልለምዳት አልቻልኩም።

ስለ እኅቴ ሌላ ጊዜ ብዙ ስላወራሁ ዛሬ አልደግመውም። ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ስለ ገንፎው ነው። ማለቴ፣ ገንፎው ስለተገነፋበት ቀን።

እማዬ ልታርሰኝ የመጣችው ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት ነው። ቅቤዋንና የገብስ ዱቄቷን ይዛ፣ ነጠላዋን እንኳን ሳታወልቅ ልጅቷን ተቀበለችኝ። ሳመቻት፣ እግሯን በመዳፏ ለካች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አየች። ስም ግን አልጠየቀችም። በእኛ ቤት ለስም አይቸኮልም። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገባች። እኔ ተከትያት በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ውኃው ፈልቷል፤ በግራ እጇ የድስቱን ጆሮ በጨርቅ ይዛ በቀኟ ታማስላለች። እናቴ ስታማስል ትከሻዋ ሁሉ አብሮ ይሠራል፤ ሴትዮዋ ገንፎ አገነፋፍ ለሰፈሩ ሙሽሮች ያስተማረች ናት። ያን ጊዜ «እማ፣ ጽጌ ብለናታል» አልኳት።

እጇ ቆመ።

ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም። ሳስበው አንዳንዴ ረጅም ይሆንብኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ያልነበረ ይመስለኛል። ፊቷን አላየሁም፤ ጀርባዋ ነበር ወደ እኔ። ያየሁት ማማሰያው ገንፎው ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆሙንና ከዳር እንፋሎት መውጣቱን ነው። ከዚያ እንደገና ማማሰል ጀመረች፤ ከበፊቱ በርትታ። «ይሁን። ዕድሜ ይስጣት» አለች። ወዲያው ደግሞ «ቅቤውን የት አደረግሽው?» አለችኝ። ቅቤውን ያመጣችው እሷ ናት። ጠረጴዛው ላይ፣ ፊት ለፊቷ ነበር።

ገንፎው ጓጉሎ ነበር። በሕይወቴ የእናቴ ገንፎ ጓጉሎ አይቼ አላውቅም። አንዱ ጓል ጥርሴ ሥር ሲፈርስ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ነው። ምንም ሳልናገር በላሁት። እሷም አጠገቤ ተቀምጣ በርበሬና ቅቤውን እየጨመረችልኝ ስለ መንገዱ አወራችኝ።

«ዕድሜ ይስጣት» ለማንኛውም ሕፃን የሚባል ምርቃት ነው፤ ጎረቤትም ይለዋል፣ ታክሲ ውስጥ የተገናኘ ሰውም ይለዋል። እሱን ይዤ ነገር መሥራት እንደሌለብኝ ይገባኛል። ግን ጽጌ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የሄደችባት እናት ስትለው ሌላ ነገር ይሰማኛል። ደስ ብሏት ሊሆንም ይችላል። ደስታም እጅ ያስቆማል። ፈርታ ሊሆንም ይችላል። እኔ እንጃ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ልጄን በስሟ ጠርታት አታውቅም። «ሚጣዬ» ትላታለች፣ «እናትዬ» ትላታለች፣ ስትታጠብ ካለቀሰች ደግሞ «የኔ ጌታ» ትላታለች። ይህ ብቻውን ምንም አይደለም፤ አያት ሁሉ እንዲህ ነው። ግን በቀደም አክስቴ ደውላ ስትጠይቃት ሰማኋት። «ስሟማ ገና ነው፣ እስከ ክርስትናው» አለቻት። ገና ነው!

አሁን ለምን ይህን ስም እንደመረጥኩ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ናፍቆት ብቻ ይመስላችኋል። ናፍቆት አለበት። ግን በእኛ አገር ስም እንዴት እንደሚሄድ አስቡት። አንድ ልጅ የራሱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ይይዛል። የወንድሜ ስም በልጆቹ ስም ላይ ተቀምጧል፤ በልጅ ልጆቹም ላይ ይቀመጣል። የአባቴ ስም በእኔም በወንድሜም ላይ አለ። የሴት ልጅ ስም ግን ለማንም ሁለተኛ ስም አይሆንም። ከእሷ ይጀምራል፣ ከእሷ ጋር ያበቃል። እኅቴ በሕይወት ብትኖርና ሰባት ብትወልድ እንኳን ስሟ የትም አይሄድም ነበር። ዛሬ ስሟ የተጻፈበት ቦታ የመቃብሯ ድንጋይና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የምስክር ወረቀቷ ነው። አንድ ሰው አንሥቶ ለሌላ ሰው ካልሰጠው በቀር እዚያው ይቀራል። ወላጅ የሚመርጠው አንድ ስም ብቻ ነው፤ የቀረው ከአባት የመጣ ነው። በዚያች በአንዷ ቦታ ላይ እኅቴን አስቀመጥኳት። አሁንም ሳስበው ትክክል ይመስለኛል። እዚህ ላይ አልጠራጠርም።

የምጠራጠረው ልጄን ሳያት ነው። የግራ ቅንድቧ ጫፉ ላይ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የጽጌም እንዲሁ ነበር። ሌላ ስም ብሰጣት ይህን ቅንድብ አየው ነበር? እያንዳንዱን ነገር ከሌላ ሰው ጋር እያስተያየሁ ላሳድጋት ነው? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላትስ… አይ። ይህን አልጨርሰውም።

ደግሞ ማስነጠሷን ብታዩ! መጀመሪያ ዓይኖቿን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ትረሳዋለች፣ ከዚያ ድንገት ይመጣና ራሷም ትደነግጣለች። ይህ የማንም አይደለም። የራሷ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ስሙም የራሷ ይመስለኛል፤ ባለቤቴም «ተዪው፣ ልጅቷ የራሷ ታደርገዋለች» ይላል። ምናልባት። እሱ ግን ጽጌን አላወቃትም። ለእሱ ስሙ አዲስ ነው፤ በዚህ እቀናበታለሁ።

ሌላም አለ። እኅቴ ይህን ስም ያገኘችው በወቅቱ ነው። የተወለደችው ጥቅምት ውስጥ ነበር፤ ዘመነ ጽጌ መስከረም 26 ገብቶ ኅዳር 5 ይወጣል፣ እናቴም የጽጌን ጾም የምትጾም ሴት ናት። ሌላ ስም አላሰበችም። ልጄ ደግሞ የግንቦት ልጅ ናት።

ሌሊት ሳጠባት ስለ ስም የማላነበው የለም። የነገሥታቱን ስም ሳይ ገርሞኝ ነበር። አጼ ቴዎድሮስ ሲወለዱ ካሳ ናቸው፣ አጼ ምኒልክ ሣህለ ማርያም ናቸው፤ ተፈሪ መኮንን በ1923 ዘውድ ሲጭኑ በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። በዚያ ላይ የፈረስ ስም አለ፤ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ጠቅል። አንዱ ስም ካልሆነ ሌላው ይሆናል። ለምን እንደነገርኳችሁ ጠፋኝ… አዎ፤ ሰው ከአንድ ስም በላይ ሊኖረው ይችላል ለማለት ነው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። የእኛው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ይውላል፤ ፍልሰታ ስለሆነ ድግሱም የጾም ነው። እናቴ «ለክርስትናው ስም አለኝ» ብላለች። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ያን ቀን ቄሱ የሚሰጧትን ስም ይዛ በዚያው ልትጠራት አስባ ይሆናል።

መንግሥትም ቀን አለው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከሆስፒታል የተሰጠን የልደት ማሳወቂያ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ባለቤቴ «ወረዳ መቼ እንሂድ?» ባለኝ ቁጥር ዝናቡን ምክንያት አደርጋለሁ። ከተመዘገበ በኋላ መለወጥ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ አሁን ነው፣ ወይም…

ሰማችሁት? ዶሮው ነው።

እናቴን መጠየቅ እንደምትመክሩኝ አውቃለሁ። አጠገቤ ናት፤ በሩን ከፍቼ «እማ፣ ስሙ ከበደሽ?» ማለት ነው። ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሷል። ግን እሷ አራሷ ልጇ እንዳትከፋባት «ምን ይከብደኛል፣ ደስ ይላል እንጂ» ትለኛለች፤ ያን ጊዜ ምንም አላወቅሁም ማለት ነው። ወይም ደግሞ እውነቱን ትነግረኛለች። «ቀይሪው» ትለኛለች። እኔስ ምን ላደርግ ነው? ልጄ የሆነ ቀን ቀና ብላ የምታይበት ስም ነው፤ አሁንም እንኳን ስጠራት ወደ ድምፄ የምትዞር ይመስለኛል። ደግሞም ያን ስም ከዚህ ቤት ካወጣሁት ጽጌን እንደገና… አይ፣ እንዲህ ማለት አልፈልግም። እንዲህም አይደለም።

ምናልባት ከክርስትናው በፊት እጠይቃት ይሆናል። ምናልባት ደግሞ አንድ ቀን ሳታስበው ትጠራት ይሆናል፤ ከሰማሁ እነግራችኋለሁ። ለዛሬ እዚህ ላይ ላቁም።