ሩት ካናል፦ ጥርሱ ውስጥ ምን ይሠራል?

(ምስል፦ ለሁለት የተከፈለ መንጋጋ ጥርስ፤ መሃሉ ቀይ ነው)

ተራኪ፦ ሌሊት እየጠዘጠዘ የሚቀሰቅስ፣ ትኩስ ሻይ ሲነካው የሚብስ፣ ሻዩ ከተዋጠ በኋላም ቶሎ የማይለቅ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ቀይ ክፍል ነው። ነርቭና የደም ሥር ያለበት ለስላሳ ሥጋ ነው። ብስባሴው እዚህ ሲደርስ ሥጋው ይቆጣል፤ ዙሪያው ግን ጠንካራ ግድግዳ ስለሆነ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። ሕመሙ በራሱ ጸጥ ካለም አትደሰቱ፤ ነርቩ ሞቶ መግሉ ወደ አጥንት እየሄደ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ የሚደረገውን ሕክምና፣ ሩት ካናልን፣ ብዙ ሰው «ነርቭ መግደል» ይለዋል። ዋናው ሥራ ግን ማጽዳትና አጥብቆ መድፈን ነው።

(ምስል፦ ራጅ)

መጀመሪያ ራጅ ይነሳል። የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ 1 ቦይ (ነርቩ በሥሩ ውስጥ የሚያልፍበት ቀጭን መንገድ) አለው፤ የታችኛው ትልቅ መንጋጋ 3፤ የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ብዙ ጊዜ 4። አራተኛዋ ቀጭን ናት፤ ሐኪሙ ካለፋት ሕመሙ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል።

ቀጥሎ ማደንዘዣ። የተቆጣ የታች መንጋጋ አስቸጋሪ ነው፤ ከንፈር ደንዝዞ ጥርሱ ግን ሊያም ይችላል። እጃችሁን አንሱ፤ ተጨማሪ ይወጋል። ችሎ መቀመጥ ጀግንነት አይደለም።

(ምስል፦ ጥርሱ ብቻ የወጣበት ስስ የጎማ ሽፋን)

ይህ ጎማ ምራቅ ወደ ጥርሱ፣ መሣሪያና መድኃኒት ደግሞ ወደ ጉሮሮ እንዳይገቡ ያግዳል።

(ምስል፦ ፋይል በቅርበት)

ጫፏ 0.10 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነች ፋይል ናት፤ ቦዩን የምትፍቅና የምታጸዳ መርፌ መሰል መሣሪያ። አንገቷ ላይ ያለችው የላስቲክ ቀለበት በተለካው ርዝመት፣ ለምሳሌ 21 ሚሊ ሜትር ላይ ትቆማለች። ፋይሉ ካነሰ ቆሻሻ ይቀራል፤ ካለፈ አጥንቱን ይነካል። የተጠማዘዘ ቦይ ውስጥ ፋይል ሊሰበርም ይችላል፤ ያኔ ጥርሱ የግድ ይነቀላል ማለት አይደለም፤ ለታካሚው ግን መነገር አለበት።

ፋይል የማይደርስበትን ቅርንጫፍ የሚያጥበው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። የበረኪና ሽታ የሚሸታችሁ ለዚህ ነው፤ ንጥረ ነገሩ አንድ ነው። (ቤት ውስጥ አይሞከርም!)

የጸዳው ቦይ ጉታ ፐርቻ በሚባል፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ በሚገኝ ላስቲክ መሰል ነገር ይደፈናል። መግል ካለ ግን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ መድኃኒት ተደርጎበት፣ በጊዜያዊ ሙሌት ተዘግቶ ለሌላ ቀጠሮ ሊቆይ ይችላል።

ብዙ ሕክምና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ስለጠፋ ታካሚው ይቀራል፤ ጊዜያዊው ሙሌት ይሸረፋል፤ ምራቅ ይገባል፤ የጸዳው ቦይ እንደገና ይበከላል።

(ምስል፦ የመድኃኒት ጥቅል)

ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ቀናት ሲነከስበት ማመሙ የተለመደ ነው። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ ጋር ይረዳል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያመው፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች፣ አስቀድመው ይጠይቁ። አሞክሳሲሊን አንቲባዮቲክ ነው፤ የነርቭ ሕመም አያስታግስም። እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል።

(ምስል፦ ክራውን መንጋጋ ላይ ሲገጠም)

መንጋጋው ብዙ አካሉን ስላጣ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን የሚሸፍን ጠንካራ ቆብ፣ ያስፈልገዋል። ያለሱ አንድ ጠጣር የቆሎ ፍሬ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ስንጥቁ እስከ ሥሩ ከወረደ መንቀል ብቻ ይቀራል። ክራውኑ እስኪገጠም በሌላው ጎን አኝኩ፤ ቆሎው ይቆይ።