መስመሩ የተለካው ከየት እስከ የት ነው? ስለ ግሪድ ኔትወርክ ክፍት ስታንዳርዶች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የደወሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፦ «እያንዳንዱ ተቋም የኔትወርክ መከታተያ ሶፍትዌር አለው። ታዲያ ለግሪድ ኮምፒውቲንግ የልኬት ስታንዳርድ ማውጣት ለምን አስፈለገ?»

መልስ፦ ያ ሶፍትዌር የሚያየው የገዛ ተቋሙን ብቻ ስለሆነ ነው። የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል የሆነውን የሰርንን ሥራ እንውሰድ። ጄኔቭ አጠገብ ካለው ቅንጣቶችን የሚያጋጭ መሣሪያው፣ ከላርጅ ሃድሮን ኮላይደር፣ የሚወጣውን መረጃ የሚያከማቹትና የሚተነትኑት ከ40 በላይ አገሮች ውስጥ ያሉ ወደ 170 የሚጠጉ የኮምፒውተር ማዕከላት ናቸው። ግሪድ የምንለውም ይህንኑ፣ ባለቤታቸው የተለያየ ኮምፒውተሮች ለአንድ ሥራ የሚተባበሩበትን አሠራር ነው። አንድ ፋይል ከጄኔቭ ተነሥቶ አንድ ዩኒቨርሲቲ እስኪደርስ የሰርንን ኔትወርክ፣ የአውሮፓውን የምርምር ኔትወርክ ዢያንትን፣ የተቀባዩን አገር የምርምር ኔትወርክ፣ ከዚያም የግቢውን ኔትወርክ ሊያልፍ ይችላል። ፍጥነቱ ሲወርድ አራቱም ባለሙያዎች የየራሳቸውን ስክሪን አይተው «በእኛ በኩል ሰላም ነው» ይላሉ። አይዋሹም። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሚያይ ሰው ግን የለም።

እንግዲህ የአንዱን ልኬት ሌላው ማንበብ መቻል አለበት። ድሮ የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ስለማይተካከል «አሥር ቁና ጤፍ» ማለት ብቻውን ዋጋ አይቆርጥም ነበር፤ እዚህም ያው ነው። ግሎባል ግሪድ ፎረም በ2004 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጂኤፍዲ 23 የተባለውን ሰነድ ያወጣው ለዚህ ነው። ሰነዱ «ባንድዊድዝ» የሚለውን አንድ ቃል አራት ቦታ ይከፍለዋል፦ መስመሩ የሚችለው፣ አሁን የተያዘው፣ የቀረው፣ አንድ ተጠቃሚ በተግባር የሚያገኘው። በ10 ጊጋቢት መስመር ላይ 4ቱ ተይዞ 6ቱ ቢቀር፣ የእርስዎ ፋይል 6 ያገኛል ማለት አይደለም፤ ግማሽ ጊጋቢት እንኳ ላያገኝ ይችላል። ስንቱ ክርክር የተነሣው አንዱ ስለ መጀመሪያው፣ ሌላው ስለ መጨረሻው እየተናገረ ነው! ፎረሙ በ2006 ከኢንተርፕራይዝ ግሪድ አላያንስ ጋር ተዋሕዶ ኦፕን ግሪድ ፎረም ሆኗል። ሰነዶቹን ማንም በነፃ ያነባል፣ ማንም በእነሱ ላይ ተመሥርቶ ሶፍትዌር ይሠራል።

ጥያቄ፦ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኔትወርክ ባለሙያ የሆኑ አድማጭ፦ «በኤስኤንኤምፒ ግራፋችን መስመሩ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ከአውሮፓ ትልቅ ፋይል ስናወርድ ግን ይንቀራፈፋል። የቱን ልመን?»

መልስ፦ ሁለቱንም ይመኑ፤ የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ኤስኤንኤምፒ የሚነግርዎ በራውተርዎ በር ላይ ስንት ባይት እንዳለፈ ነው። በቅድሚያ ግን ቆጣሪው ባለ 32 ቢት እንዳይሆን ያረጋግጡ። በ1 ጊጋቢት ፍጥነት ይህ ቆጣሪ በ34 ሰከንድ ገደማ ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል። በየአምስት ደቂቃው የሚያነቡት ከሆነ፣ መስመሩ ሲጨናነቅ ግራፉ ሐሰት ይሆናል። ባለ 64 ቢቱን ይጠቀሙ።

ቆጣሪው ደህና ከሆነ ጥርጣሬዬ ፓኬት መጥፋት ላይ ነው፤ ፓኬት ፋይሉ ተከፋፍሎ የሚላክበት ትንሽ ቁራጭ ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር የምርምር ኔትወርክ ኢኤስኔት የዘገበውን ልንገርዎ። በአንድ ራውተር ላይ ያለ የ10 ጊጋቢት ካርድ መበላሸት ጀምሮ ከ22,000 ፓኬት አንዱን ይጥል ነበር፤ 0.0045 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ራውተሩ ራሱ ምንም ስሕተት አላስመዘገበም። በቅርብ ርቀት ጉዳቱ ብዙም አይሰማም። ርቀቱ ሲረዝም ግን ቲሲፒ (ፋይሉን የሚያጓጉዘው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል) ፓኬት በጠፋ ቁጥር ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ መልሶ ለመጨመርም የደርሶ መልሱን ጊዜ እየጠበቀ ስለሆነ ቶሎ አያገግምም። ከኢትዮጵያ አውሮፓ ደርሶ መልስ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የጀርመኑ ተመራማሪ የማያስተውለው ብልሽት የእኛን ተመራማሪ ሥራ ያስፈታዋል። ይህ ሳይነገረን «አገራችን ስለሆነ ነው» ብለን ዝም የምንልበት ነገር በጣም ያሳዝነኛል።

ያን ካርድ ያጋለጠው ኦዋምፕ የተባለው የልኬት ፕሮቶኮል ነው። በ2006 በአርኤፍሲ 4656 የታተመ ክፍት ስታንዳርድ ሲሆን ትናንሽ ፓኬቶችን ያለማቋረጥ እየላከ በአንድ አቅጣጫ የጠፋውንና የዘገየውን ይመዘግባል። ፐርፍሶናር የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ውስጥ ያገኙታል። አንድ ሰርቨር በግቢዎ መውጫ ላይ ይትከሉ፣ ሰዓቱን በኤንቲፒ (የኮምፒውተሮችን ሰዓት በኔትወርክ በሚያስተካክለው ፕሮቶኮል) ያስተካክሉ፣ ከዚያ መንገዱን በቁራጭ በቁራጭ ይለኩ፦ መጀመሪያ እስከ ኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ፣ ቀጥሎ አባል እስከሆነበት የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የምርምር ኔትወርኮች ኅብረት፣ ኡቡንቱኔት፣ ከዚያ አውሮፓ፤ በየደረጃው ፈቃደኛ መለኪያ ሰርቨር እስካለ ድረስ። ፓኬቱ መጥፋት የሚጀምርበትን ቁራጭ ሲያገኙ ለዚያ ኔትወርክ ባለሙያ ከየት እስከ የት፣ በምን መሣሪያ፣ በስንት ሰዓት እንደለኩ ጨምረው ይላኩለት። ያኔ «በእኛ በኩል ሰላም ነው» ብሎ ሊመልስልዎ አይችልም።

ጥያቄ፦ ከስቶክሆልም፦ «ኔትወርክ ማርክአፕ ላንጉጅ የተባለው ከዚህ በምን ይለያል?»

መልስ፦ ይህ የሚገልጸው የኔትወርኩን ቅርጽ ነው፤ ማን ከማን ጋር በምን በር እንደተገናኘ። ከአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ቀደምት ሥራና ከፐርፍሶናር ልምድ ተነሥቶ በ2013 ጂኤፍዲ 206 የተባለ የኦፕን ግሪድ ፎረም ሰነድ ሆኖ ታተመ። ኖድ (መሣሪያው)፣ ፖርት (በሩ)፣ ሊንክ (መስመሩ)፣ ቶፖሎጂ (የግንኙነቱ ካርታ) የሚባሉ ጥቂት ነገሮች አሉት። የምወድለት ፖርትም ሊንክም ባለ አንድ አቅጣጫ መሆናቸውን ነው። የመሄጃው መንገድና የመመለሻው መንገድ ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ባለ ሁለት አቅጣጫ የሚባለው ሁለቱ ተጣምረው ነው። መለያ ስሙም የተቋሙን ዶሜይን ከነዓመቱ ይይዛል፤ ዶሜይኑ ነገ ወደ ሌላ ባለቤት ቢዞር የድሮውና የአዲሱ ስም እንዳይምታታ።

ጥያቄ፦ እዚያው ስቶክሆልም ያሉ ሌላ አድማጭ፦ «ግሪድ አልፎበት አሁን ሁሉም ክላውድ ሆኗል። ይህ ሁሉ አላረጀም?»

መልስ፦ አጻጻፉ አርጅቷል። ፐርፍሶናር መጀመሪያ የተሠራበትን ኤክስኤምኤል የተባለ የመልእክት አጻጻፍ ትቶ ጄሰን ወደተባለው ቀለል ያለ አጻጻፍ ዞሯል፤ በ2023 በወጣው አምስተኛ እትሙ ደግሞ የልኬት ማከማቻውን ኦፕንሰርች የተባለውን ክፍት ሶፍትዌር አድርጓል። የግሪድ ሰዎች ያስገቡት ሐሳብ ግን አልተነካም፦ ቁጥሩ ለብቻ፣ ስለ ቁጥሩ የሚናገረው ሜታዳታ ለብቻ ተቀምጠው ሁልጊዜ ተያይዘው ይሄዳሉ። ክላውድ ውስጥ ያለም ሰው ፋይሉ የሌሎችን ኔትወርክ እያቋረጠ ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ፦ «የኔትወርካችንን ካርታ ይፋ ማውጣት ለሰርጎ ገብ በር መክፈት አይሆንም?»

መልስ፦ ሁሉን ካወጡት ይሆናል። ስታንዳርዱ ግን ሁሉን አውጡ አይልም። የውስጡን ሰውረው፣ ከጎረቤት ኔትወርክ ጋር የሚገናኙባቸውን ፖርቶች ብቻ የያዘ ቶፖሎጂ ማቅረብ ይቻላል፤ ለጎረቤትዎም የሚያስፈልገው ያው ነው።