ቅጹ ላይ ያልተጻፈው ርክክብ
ለአዲስ ተሿሚ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ጎንደር ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አዲስ ተሿሚ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ክቡራን የኮሌጅ ዲኖች፣ የሬጅስትራርና የአስተዳደር ባልደረቦች፤

ከሁሉ አስቀድሜ በአገራችን ወግ ሹመት ያዳብር እላለሁ። ሰሞኑን ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ስንጨዋወት ደጋግሜ የሰማሁት ስጋት አለ፤ «ከእንግዲህ ማስተማሬም ምርምሬም በወረቀት ሥራ ሊዋጥ ነው» የሚል። ስጋቱን አላቃልለውም። ነገር ግን የወረቀት ሥራ የምንለው ነገር ራሱ የአካዳሚክ አመራር ነው ብዬ አምናለሁና ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ነው።

ከቤታችን እንጀምር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒተሪ ባለሙያውን ጎን ለጎን ያሠለጠነው፣ እንደ ቆላድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች በቡድን እንዲሠሩ አስቦ ነው። ዛሬ ቲቲፒ የምንለው የቡድን ሥልጠና የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። ሆኖም ለወረዳው ደብዳቤ ካልደረሰ፣ ለተማሪዎቹ ማደሪያ ካልተገኘ፣ ለመኪናው ነዳጅ ካልተፈቀደ፣ መድኃኒቱም በንብረት ወጪ ማድረጊያው ቅጽ በሞዴል 22 ከመጋዘን ካልወጣ፣ ቡድኑ ከግቢ አይወጣም። ሐሳቡን ያመነጩት ሊቃውንት ናቸው፤ እስከ ዛሬ ያደረሱት ግን አስተባባሪዎቹ፣ ሾፌሮቹና የንብረት ክፍል ሠራተኞቹም ጭምር ናቸው። በጎንደር አድባራትም ቅኔ ማኅሌቱ መሪጌታ እንዳለው ሁሉ ዕቃ ቤቱም ቄሰ ገበዝ አለው።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ በሌላ ተቋም የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሳለሁ፣ አንዲት ተመራቂ ተማሪ አራት ቦታ የታጠፈ ፎርም ይዛ ቢሮዬ መጣች። በአንድ ኮርስ ውጤቷ «ኤንጂ»፣ ማለትም ውጤት ያልተሞላለት፣ ሆኖ ቀርቷል፤ ያስተማራት መምህር ለትምህርት ውጭ አገር ሄዷል፤ የፈተና ወረቀቷ ግን ታርሞ በክፍላችን ቁም ሣጥን ውስጥ ነበረ። «ነገ ተመለሺ» አልኳት። በማግስቱ ስብሰባ ገብቼ አላገኘችኝም። በሦስተኛው ቀን ስትመጣ ፎርሙ ከመታጠፊያው ላይ ተቀዶ በፕላስተር ተያይዞ ነበር። ወረቀቷን አውጥቼ፣ ውጤቷን ሞልቼ ፈረምኩላት፤ ነገር ግን ሬጅስትራር የተመራቂ ውጤት የሚቀበልበት ቀን በዋዜማው አልፎ ስለነበር ስሟ በዚያ ዓመት ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ወላጆቿን ጠርታ ነበር። ቁም ሣጥኑን ለመክፈት አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር፤ የዚያን ሳምንት ጊዜዬን ግን የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ ሰነድ ላይ አሳለፍኩት፤ አመራር ብዬ የያዝኩትም እሱን ነበር። ይህ ጥፋት የኔ ነው፤ እስከ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ስለ ቃለ ጉባኤ ጥቂት ልጨምር። አንድ መምህር ለደረጃ ዕድገት ሲያመለክት፣ ወይም አንድ ተማሪ በውጤቱ ላይ ቅሬታ ሲያቀርብ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ተፈልጎ የሚመጣው ያ ገጽ ነው። ማን እንደተገኘና ምን እንደተወሰነ ብዙውን ጊዜ እንጽፋለን፤ የምንዘለው ለምን እንደተወሰነ ነው። ምክንያቱ ያልተጻፈን ውሳኔ ተተኪው ኃላፊ ሊከላከለውም ሊያሻሽለውም አይችልም፤ ወይ እንዳለ ይሸከመዋል፣ ወይ እንደ አዲስ ይጨቃጨቅበታል። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከወጣ ወዲህ ስለ ራስ ገዝነት በየስብሰባው እንነጋገራለን፤ እኔ ግን ጉዳዩን የምመዝነው አንድ የትምህርት ክፍል የራሱን ውሳኔ ከነምክንያቱ ከመዝገቡ አውጥቶ ማሳየት በመቻሉ ነው።

በጀትን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የላብራቶሪ ኬሚካል ፍላጎቱን ከነዝርዝር መግለጫው በግንቦት የሚልክ ክፍል ግዥው አይደርስለትም፤ ተማሪውም በእጁ ሊሠራው የሚገባውን ከሰሌዳ ላይ ይገለብጣል። ለመስክም ሆነ ለስብሰባ ስትወጡ ደግሞ ውክልና በጽሑፍ ስጡ፤ ማህተሙም እናንተ በሌላችሁበት መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ አይቅር።

ነገ ጠዋት ርክክብ ትጀምራላችሁ። ቅጹ ወንበር፣ ጠረጴዛና ኮምፒዩተር ያስቆጥራችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ቅጹ ላይ የሌለውን ጠይቁ፤ በክፍሉ ስንት ኤንጂ፣ ስንት ኢንኮምፕሊት፣ ማለትም ያልተሟላ ውጤት፣ አለ? የፈተና ወረቀቶቹስ የት ተቀምጠዋል? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ዝርዝሩንም በተማሪዎቹ ስም ተረከቡ። ውጤት የሚገባባቸውን ቀናት የሬጅስትራር ባልደረቦቻችን ከሻይ ዕረፍት በኋላ ያስረዷችኋል።

አመሰግናለሁ።