ገናን ለሚያውቅ ሕዝብ ክሪኬት እንግዳ አይደለም

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቻችን፣ እንደምን አደራችሁ።

ልጆቻችን ክሪኬት የሚባል ጨዋታ ጀምረዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት መንገድ ላይ አስቁመው፣ «ልጄ ትምህርቱን ትቶ በእንጨት ኳስ ሲመታ ሊውል ነው?» አሉኝ። አባቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ዛሬ የቆምኩትም ለእርሱ ነው።

በዱላ ኳስ መምታት ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ገና በደረሰ ቁጥር ሩሯን እያሳደድን ያደግን ነን። ልዩነቱ ወዲህ ነው፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲባል ያን ቀን ታላቅና ታናሽ ይረሳል፣ ወግ ይላላል። በክሪኬት ግን ወጉ ራሱ ጨዋታው ነው። ዳኛው ጣቱን ካነሳ ወጥተሃል፤ ክርክር የለም።

አጨዋወቱ ይህን ይመስላል። በየቡድኑ 11 ልጆች አሉ። ሃያ ሜትር ያህል በሚራራቁ ሁለት ቦታዎች ሦስት ሦስት እንጨት ይተከላል። ወርዋሪው እንጨቶቹን ሊጥል ይወረውራል፤ መቺው ይከላከላል። ኳሷን አርቆ ከመታት ከጓደኛው ጋር ቦታ እየተለዋወጡ ይሮጣሉ፤ ነጥብ የሚቆጠረው በዚያ ነው። የቀረውን ደንብ ሜዳ ላይ እናሳያችኋለን፤ እኔም ገና ተምሬ አልጨረስኩትም።

እግር ኳስ ላይ ጎል የሳተ ልጅ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሌላ ዕድል ያገኛል። እዚህ ግን በመጀመሪያዋ ኳስ እንጨቱ የወደቀበት መቺ ዳር ወጥቶ ጓደኞቹ ሲመቱ ያያል። ባለፈው ወር አንድ ተማሪያችን እንዲህ ሆነና አጥሩ ሥር ሄዶ ፊቱን አዞረ። ጓደኞቹም አልጠሩት፣ እኔም አልጠራሁት። ቡድኑ በተራው ኳስ ለመወርወርና ለመቅለብ ሲገባ ግን ራሱ ተነሥቶ መጣ፤ ከፍ ብላ የመጣችን ኳስ በሁለት እጁ ቀለባት። ስለ ትዕግሥት ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ሰምቶኝ አያውቅም ነበር።

ስለ ትምህርቱም ልናገር። በአጭሩ የጨዋታ ዓይነት አንድ ቡድን 20 ዙር፣ በየዙሩ 6 ኳስ፣ በድምሩ 120 ኳስ ይወረወርለታል። ለማሸነፍ 140 ነጥብ የሚያስፈልገው ቡድን ግማሹን ኳስ ጨርሶ 50 ላይ ከሆነ፣ በቀሪዎቹ 60 ኳሶች 90 ማግኘት አለበት፤ በአንድ ኳስ አንድ ተኩል ማለት ነው። ይህን ስሌት ከእኔ ቀድማ የምትነግረኝ ነጥብ መዝጋቢያችን፣ የሒሳብ መምህሯ «ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች» የሚሏት ልጅ ናት።

«የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ለምትሉም፣ ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የክሪኬት የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች።

የጨዋታው እውነተኛ ኳስ በቆዳ የተሸፈነ ጠንካራ ነገር ነው፤ 160 ግራም ገደማ ይመዝናል። እርሱን አንጠቀምም፤ የቴኒስ ኳስ ይበቃናል። መምቻውን ሠፈራችን ያለ አናጺ ከዋንዛ ጣውላ ሊሠራልን ተስማምቷል። ከእናንተ የምንፈልገው ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን እንድትለቁልን ነው። ሜዳችን እንደ ደሴ ሜዳ ሁሉ ተዳፋት ስለሆነ ያመለጠች ኳስ የምታቆመው ኮምቦልቻ ነው፤ ከታች በኩል ያላችሁ ጎረቤቶች ግቢያችሁ ከገባች እባካችሁ መልሱልን።