ከንስሐ አባት ጋር የሚደረገው የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ
(የማብራሪያ ቪዲዮ ጽሑፍ)

[ምስል፦ ማታ፤ የወጥ ቤት ጠረጴዛ፤ የቀዘቀዘ ሻይ]

ተራኪ፦ በሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት እናስብ። ጾም አትሽርም፤ እሑድ ከቅዳሴ አትቀርም። የ17 ዓመት ልጇ አንድ ማታ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ልቡ ወደ ሴት ሳይሆን ወደ ወንድ እንደሚያደላ፣ ይህንንም ካወቀ ዓመታት እንዳለፉ ይነግራታል። በዚያች ሌሊት የምትደውለው ለሐኪም ሳይሆን ለንስሐ አባቷ ነው። በአደባባይ የሚሰማው ክርክር ስለ ቀኖናና ስለ ሕግ ቢሆንም፣ ለልጁ ሕይወት ይበልጥ የሚቀርበው ከዚህ ጥሪ በኋላ በቤቱ ውስጥ የሚነገረውና የሚደረገው ነው።

[ምስል፦ የዩኒቨርሲቲ ግቢ]

ኬትሊን ራያን የተባሉ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናታቸው ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 25 የሆኑ፣ ልባቸው ወደ ተመሳሳይ ጾታ የሚያደላ 224 ወጣቶችን ወላጆቻቸው በጉርምስናቸው ወቅት ምን እንዳደረጉ ጠየቀ። ከቤተሰባቸው ከፍተኛ መገፋት የደረሰባቸው ወጣቶች፣ ምንም ካልደረሰባቸው ወይም ጥቂት ብቻ ከደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የመገኘት ዕድላቸው 8.4 እጥፍ፣ ለከባድ ድብርት የመጋለጥ ዕድላቸውም 5.9 እጥፍ ነበር። መልሱ ያለፈውን በማስታወስ የተሰጠ በመሆኑ ጥናቱ ብቻውን መንስኤን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ልጅ ያለው ሰው ይህን ቁጥር ሰምቶ ማለፍ ይከብደዋል።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከገፉት ወላጆች ብዙዎቹ ልጃቸውን የጠሉ አልነበሩም፤ ልጃቸውን እያዳኑ መስሏቸው ነበር። ከጓደኞቹ መለየት፣ «እግዚአብሔር ይቀጣሃል» ማለት፣ «ይህን ለማንም እንዳትናገር» ብሎ አፉን ማዘጋት ለወላጅ ጥበቃ ሲመስለው፣ ለልጁ ግን የሚሰማው መባረር ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ለወላጅ በመጀመሪያ የሚያቀርቡት ጥያቄ እምነቱን እንዲለውጥ ሳይሆን ድርጊቱን እንዲመረምር ነው። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ኃጢአት ነው ብሎ የሚያምን አባት እንኳ መምታቱን፣ መሳደቡንና ማስፈራራቱን ማቆም፣ ዘመድ በልጁ ላይ ሲሳለቅ መከላከል፣ ልጁ ሲናገርም እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ይችላል። በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ለኋለኛው ዘመን ቅዱሳን፣ ማለትም ለሞርሞን ቤተሰቦች የተዘጋጀው አነስተኛ መጽሐፍ የተጻፈው፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ትምህርቷን ባልለወጠችበት ሁኔታ ነበር።

[ምስል፦ የምኩራብ በር]

በእኔ እምነት ከሁሉ ይበልጥ ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የኦርቶዶክስ አይሁድ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 በአሜሪካ የሚገኙ ኦርቶዶክስ ረቢዎችና መምህራን ስለዚሁ ጉዳይ አንድ የአቋም መግለጫ አወጡ። የኦሪት ክልከላ እንደጸና መሆኑን በግልጽ ጽፈው፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ማዋረድና ማሳደድ ራሱ ኦሪትን መተላለፍ መሆኑን፣ በምኩራብና በትምህርት ቤትም ተቀባይነት ሊኖራቸው እንደሚገባ አስታወቁ። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ተቃራኒ ጾታ እንዲያገቡ መገፋፋት እንደማይገባም አሳሰቡ፤ ለሁለቱም ወገን ከባድ ሐዘን ሊያመጣ ይችላልና። «ሚስት ሲያገባ ይተወዋል» የሚለውን ምክር የማናውቅ ማን አለን? ምንም ሳታውቅ ለእንዲህ ያለ ትዳር የምትሰጠው ልጃገረድም የአንዲት እናት ልጅ መሆኗን ምክሩ ይዘነጋል።

ጠበል ለአማኝ በረከት ነው። ልጅን እየጎተቱ ወስዶ «ተለውጠህ ተመለስ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በጸሎትና በምክር ዝንባሌን እንለውጣለን ይሉ ከነበሩት የአሜሪካ ክርስቲያናዊ ማኅበራት ዋነኛው ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ በ2013 ተዘጋ። በወቅቱ ፕሬዚዳንቱ የነበሩት አለን ቻምበርስ፣ ካገኟቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዝንባሌያቸው እንዳልተለወጠ ቀደም ብለው ተናግረው ነበር፤ ሲዘጋም ለተጎዱት ይቅርታ ጠየቁ።

ልጁን «ጠባዩ ይታረም» ብሎ ወደ አገር ቤት መላክም ከዚህ የባሰ አደጋ አለው። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነት ወንጀል ነው፤ ነገሩን ያወቀ ጎረቤትና ዘመድም ከሕግ ይልቅ ሊያስፈራ ይችላል። የንስሐ አባት የሰማውን ምስጢር መጠበቁ እዚህ ላይ የልጁን ደኅንነት መጠበቅ ይሆናል።

[ምስል፦ የተከፈተ መጽሐፍ ቅዱስ]

ስለ ቃላትም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ የለመድነው ስም የሰዶምን ከተማ በውስጡ ይዟል፤ ስለዚህ ሰውየው ሳይናገር ፍርዱ ይቀድመዋል። ነቢዩ ሕዝቅኤል ግን በምዕራፍ 16 ቁጥር 49 የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር ትዕቢትን፣ ጥጋብንና ችግረኛውን አለመርዳትን ያነሣል። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በአዲስ አበባ እርስ በርሳቸው የሚጠራሩት «ዜጋ» በሚል ስም ነው። ይህን ስም ለራሳቸው መምረጣቸው፣ እንደ ማንኛውም የአገር ልጅ ከመቆጠር የዘለለ ነገር እንዳልጠየቁ አድርጎ ያሳየኛል።

[ምስል፦ ወደ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ መመለስ]

እናቲቱ አሁንም ስልኩን ይዛ ታለቅሳለች። ካህኑ በዚያች ሌሊት ስለ ቀኖና ብዙ ሊናገሩ ይችላሉ፤ ያም ጊዜ ይኖረዋል። ስለ ልጁ ሕይወት የሚያስቡ አባት ግን አስቀድመው የሚጠይቁት እንዲህ ብለው ነው፦ «ልጄ፣ ልጁ አሁን የት ነው ያለው? ራቱን በልቷል?»